ሦስተኛው ስንኝ ወደ ላይ ነው

በካቶሊክ ቁምስናችን፣ በአጥቢያችን ማለት ነው፣ ሰው ሲሞት የምንዘምራቸው መዝሙሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው አስከሬኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ፣ ሌላው ሲወጣ። ሁለቱንም የመረጠችው እትዬ ሰብለ ወንጌል ናት፤ መቼ እንደመረጠቻቸው እንኳ አላስታውስም፣ እኔ መዘምራን ስገባ ነበሩ። መዘምራኑን የምትመራው እሷ ነበረች። እኔ አጠገቧ ቆሜ የምሰማ ነኝ። ስሰማ ኖሬ ስሰማ ኖሬ፣ ባለፈው ክረምት ሕመሙ አልጋ ላይ ሲጥላት፣ "በል እንግዲህ አምሐ፣ ከእንግዲህ አንተ ምረጥ" ብላ ሥራውን ተወችልኝ።

ኖታ ማንበብ አልችልም። ዜማ የተማርሁት በጆሮዬ ነው፤ ከካሴት፣ ከሬዲዮ፣ በበዓል ዋዜማም ሐይቁ ዳር ካሉት ገዳማት ቅጥር ውጭ ተደግፌ ማሕሌት ሲቆም እየሰማሁ። እንጀራዬ የከተማው ውኃ አገልግሎት ፓምፕ ቤት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሞተር ሲያጉረመርም እየሰማሁ እውላለሁ። ሰው ሲዘምር ማን እንደቀደመ ማን እንደጎተተ ይለይልኛል። ከዚህ ያለፈ እውቀት የለኝም።

መዝሙር መምረጥ ግን መስማት ብቻ አይደለም። እኛ ካቶሊኮች እንሁን እንጂ ሥርዓታችን የግዕዝ ነው፤ ጾሙም በዓሉም ከኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ጋር ይገጥማል። በዐቢይ ጾም ከበሮ አይመታም። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው ሃምሳ ቀን ደግሞ የሐዘን ዜማ አይነሣም። ምእመኑ ለፋብሪካ፣ ለኮሌጅና ለቢሮ ሥራ ከአዲግራት፣ ከሶዶ፣ ከቦንጋ የመጣ ነው። የደቡቡ ሰው ያደገው በላቲን ሥርዓት ስለሆነ በጾም ያዝ ያደርገኝና "ከበሮው የት ጠፋ?" ይለኛል። ከበሮው ሲመለስ የሰሜኑ ሰው ይመጣና "በዛ" ይለኛል። እትዬ ሰብለ ይህን ሁሉ ስታስታርቅ እንደኖረች የገባኝ ነገሩ የኔ ትከሻ ላይ ሲወድቅ ነው።

ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ባሏ ጋሼ ሕዝቅኤል ደወሉልኝ።

"ትፈልግሃለች" አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

እሳቸው እንዲህ ናቸው። የዱራሜ ሰው ናቸው፤ ቆጋ መስኖ ላይ ባለሙያ ሆነው ሲሠሩ ብዙ ዓመት ሆናቸው። መንገዱ ክፍት ሲሆን ማታ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ፣ ሲዘጋ መርዓዊ ያድራሉ። ቤተ ክርስቲያን የሚቀመጡት ከበሩ አጠገብ፣ መጨረሻው አግዳሚ ላይ ነው። ሲዘምሩ አይቻቸው አላውቅም።

ያመማት ሳንባዋን ነው። ሆስፒታል ተኝታ ከረመችና "እቤቷ ትረፍ" ብለው መለሷት። የዚህ ቃል ትርጉም ለሁላችንም ገብቶናል፤ ለእሷ የነገራት ግን የለም። እኛ ዘንድ ለታማሚ እንዲህ ያለ ነገር ፊት ለፊት አይነገርም። ይድናል እንላለን፤ እሱም እሺ ይላል።

ስገባ መስኮቱ ሥር ባለው አልጋ ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ጋሼ ሕዝቅኤል ጓዳ ውስጥ ናቸው፤ ሳህን ሲያጥቡ ይሰማል።

"ቁጭ በል" አለችኝ። "ድንች ትበላለህ? ሕዝቄ ከቆጋ ድንች እንጂ ሌላ ነገር የሚበቅል አይመስለውም።"

"በልቼ ነው የመጣሁ፣ እትዬ።"

"ዋሸህ። ለማንኛውም ስማኝ። ለቀብሬ መዝሙር መርጫለሁ።"

ማንም ሰው የሚለውን አልሁ። "ምን የሚሉት ወሬ ነው? እግዚአብሔር ይማርሻል።"

"ለሰው ሁሉ ስመርጥ ወሬ አልነበረም፤ ለራሴ ሲሆን ወሬ ሆነ?"

"እሱማ... እነዚያ ሁለቱ አሉ አይደል?"

"በእነሱ ስንት ሰው ሸኘንባቸው። ሰልችተውኛል። ሬሳ ሆኜም እነሱን ልስማ?" ልትስቅ ስትል ሳሉ ቀደማት። ሳሉ እስኪያልፍላት ሁለታችንም ወደ መስኮቱ አየን።

ትንፋሿ ሲመለስላት ነገሩን አወራችኝ። ልጅ ሆና ከደናግል ዘንድ በአዳሪ ተማሪነት ስትኖር ሲስተር ፅጌ ማርያም የሚባሉ መነኩሲት ያስተማሯት መዝሙር አለ። ሲስተር ከሞቱ ቆይተዋል፣ አብረዋት የተማሩት ልጆች የት እንደደረሱ አታውቅም። መዝሙሩን ከእሷ ሌላ የሚያውቀው ሰው ስለመኖሩ እንጃ።

"ለምን እስከዛሬ አላስተማርሽንም?"

"ለራሴ አስቀምጬው" አለች፤ አላፈረችም። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "አባቴ የሞተ ጊዜ ክረምት ነበር። ወንዙ ሞልቶ ካህን ሳይደርስልን ቀረ። ወንዶቹ ተሸክመውት ሄዱ፣ ዝም ብለው ቀበሩት። አንድ የሚያዜም ሰው አልነበረም። አፈሩ ሲወርድ ብቻ ነው የሚሰማው። አንተ ያን ድምፅ ሰምተኸው ታውቃለህ፣ ሌላ ምንም ሳይኖር እሱ ብቻ?"

"አላውቅም።"

"እኔ አውቀዋለሁ። አንድ ነገር ነው የምለምንህ። በዝምታ እንዳትሸኙኝ።"

"እሺ" አልሁ። ሌላ ምን ይባላል።

ከዚያ ዘመረችልኝ። ድምጿ ከሲታ ሆኗል፤ ግን ያው ነው፣ ቃሉን ከዜማው ቀድማ አታደርሰውም፣ ዜማውንም ቃሉ ላይ አትጭነውም።

በሩን አላውቀውም፣ ድምፅህን አውቃለሁ፤
በስሜ ጥራኝ እንጂ፣ እኔስ እመጣለሁ፤
ጨለማው ቢረዝም፣ መንገዱ ቢጠፋ፤
አንተ ካለህ ማዶ፣ አይቆረጥም ተስፋ።

አራት ስንኝ ናት፤ ዜማዋም የምታስቸግር አይደለችም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስንኞች እየወረዱ ይመጣሉ፤ ሦስተኛው ሲመጣ ጆሮህ የበለጠ ይወርዳል ብሎ ይጠብቃል። እዚያ ላይ ነው ሽቅብ የሚወጣው። ደረጃ ጨርሻለሁ ብለህ እግርህን ስታሳርፍ አንድ ደረጃ ቀርቶ እንደሚያደናቅፍህ፣ እኔንም አደናቀፈኝ።

"እዚህ ላይ ለምን ወጣ?" አልኋት።

"እኔ ምን አውቄ። እንዲህ ነው የተማርሁት። ሦስተኛው ስንኝ ወደ ላይ ነው።"

ስልኬን አወጣሁ፣ ድምጿን ልቀዳ። እጇን አንሥታ ከለከለችኝ። "አጥፋው። የምዘምረውን ያዝ፤ የምስለውን አትያዝ።"

ከጓዳ ጋሼ ሕዝቅኤል በሰሃን የተቀቀለ ድንችና ሚጥሚጣ ይዘው መጡ። አስቀመጡልኝና ቆሙ።

"አንተስ ሰማኸው፣ ሕዝቄ?" አለቻቸው።

"ሰማሁት" አሉ፤ ተመልሰው ገቡ።

"እሱ ዜማ አይያዝለትም" አለችኝ እየሳቀች። "በሠርጋችን ቀን እንኳ ሕዝቡ አጨብጭቦ ሲጨርስ እሱ ይጀምር ነበር።"

ከዚያ በኋላ ሥራ ሳይኖረኝ ሲቀር እየሄድሁ ተማርሁ። በየጊዜው ከባለፈው ዝቅ አድርጋ ትጀምራለች፤ ትንፋሽ ያጥራታል። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ስትደርስ ዐይኗን ጨፍና ትወጣለች። የወጣችበት ከፍታ ያለፈው ሳምንት የጀመረችበት ቦታ ነው። እኔ በልቤ እያስተካከልሁ እይዛለሁ።

ልምምዳችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ ባጃጅ በጊዜ ስለሚያቆም በሌላ ቀን ማታ መሰብሰብ ትተናል። ለማን እንደሆነ ሳልናገር መዝሙሩን አመጣሁላቸው። ማንም አልጠየቀኝም። ሁሉም አውቋል።

ጎልታ የምትወጣው ድምፅ የትንቢት ናት፤ ባንክ የምትሠራ፣ ምላሷ የማይርፍ ልጅ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ስንደርስ እሷ ቁልቁል ወረደች፣ ሌሎቹም ተከተሏት።

"ወደ ላይ ነው" አልሁ።

"ጋሽ አምሐ፣ 'ጨለማው ቢረዝም' እያልን እንዴት ነው ሽቅብ የምንወጣው? መብራት ሲጠፋ እኮ ሰው ቁጭ ነው የሚለው።"

"አንቺ መብራት ሲጠፋ ቁጭ ብለሽ ታውቂያለሽ? ጎረቤት ሄደሽ 'እናንተም ጋ ጠፍቷል?' እያልሽ ነው የምትዞሪ" አላት ኪሩቤል። ኪሩቤል ከበሮ መቺያችን ነው፤ ጾም ስለሆነ ሥራ የለውም፣ እጁን አጣጥፎ ሰው ያበሽቃል።

"አንተ ደሞ ሥራ ፈት። ከበሮህ ጋ ሂድና ተኛ።"

ሳቅን። ደግመን ሞከርነው። እኔ እጄን ወደ ላይ ሳነሣ ይወጣሉ፤ እጄን ሳወርድ በሚቀጥለው ይወርዳሉ። በየሳምንቱ እንዲህ ሆንን። እኔ ከሌለሁ ዜማው ተንሸራቶ ወደሚቀናው ቦታ ይሄዳል። ውኃም እንደዚህ ነው፤ ፓምፑን ስታጠፋው ወደመጣበት ይመለሳል። ቢሆንም በመጨረሻው እሑድ ያለ እጄ ወጡ። ትንቢት ራሷ ደንግጣ "ያምራል ለካ" አለች።

ከሆሣዕና በፊት ባለው ዓርብ የመረጥኋቸውን መዝሙሮች ይዤ ወደ አባ ገብረ ክርስቶስ ሄድሁ። የቁምስናችን ቆሞስ ናቸው። አንድ በአንድ አስዘመሩኝና "ይሁን" አሉ።

"ከሰኞ ጀምሮ ሕማማት ነው። መዘምራኑን አሳርፋቸው" አሉኝ። "ምንባብና ስግደት ብቻ ነው እስከ ትንሣኤ።"

ልወጣ ተነሥቼ ነበር። በሩ ላይ ስደርስ ነው ብልጭ ያለልኝ።

በሕማማት ሳምንት ፍትሐት የለም። በዚያ ሳምንት የሞተ ሰው ያለ ፍትሐት፣ ያለ ዜማ ነው የሚቀበረው። ስለዚህ ነው በሆሣዕና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ካህኑ አስቀድሞ ለሁላችንም የሚፈታልን፤ በሳምንቱ ውስጥ ማን እንደሚጠራ አይታወቅማ። አባም በቁምስናችን ይህን ሥርዓት ይጠብቃሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እትዬ ሰብለም ታውቀዋለች። ጾሙን ሙሉ መዝሙሩን ስናጠና ግን ከመሃላችን አንድ ሰው እንኳ ቀኑን አላሰበውም። ሁላችንም ዜማው ላይ ነበርን።

"አባ" አልሁ ተመልሼ። "እትዬ ሰብለ በሕማማት ብትሞትስ?"

መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጠረጉት። ትናንት ሊያቆርቧት ሄደው እንደነበር አውቃለሁ። "በጣም ደክማለች" አሉ።

"የእሑዱ ፍትሐት የእሷም ነው። ያን ጊዜ፣ እዚያው እያለች፣ መዝሙሩን ብንዘምረውስ?"

"ፍትሐቱ የሁላችን ነው፣ ልጄ። አንተም ልትሞት ትችላለህ፣ እኔም። አንዷን ለይተን የቀብር መዝሙር ከዘመርንላት ቁጭ ብላ እያየች ቀበርናት ማለት ነው።"

"ካልዘመርን ደግሞ በዝምታ ልንሸኛት ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"ምን ልበልህ? ሥርዓቱን የሠራሁት እኔ አይደለሁም።" መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። "እሷ ራሷ 'ዘምሩልኝ' ካለች አልከለክልህም። አንተ ግን እንዳትጠይቃት። ጠየቅኻት ማለት ነገርኻት ማለት ነው።"

እሑድ በባጃጅ መጣች። ጋሼ ሕዝቅኤል አቅፈው አወረዷትና መዘምራኑ ከሚቆሙበት ጎን፣ ግድግዳው ሥር አስቀመጧት፤ እሳቸው ወደ መጨረሻው አግዳሚያቸው ሄዱ። ነጠላዋ ውስጥ የቀረች አይመስልም። ዘንባባ ሲታደል ግን እጇን ዘርግታ ተቀበለች፤ እንደ ወትሮው ሰንጥቃ ለእያንዳንዳችን ቀለበት መሥራት ጀመረች። በየዓመቱ የሆሣዕናን ቀለበት ለመዘምራኑ የምትሠራው እሷ ናት። የትንቢትን አስቀድማ ሠራች።

"ዛሬ ምን መረጥህ?" አለችኝ።

ነገርኋት።

"ሁለተኛውን አሳጥረው። ዑደቱ አልቆ እናንተ ገና ስትዘምሩ ልትቀሩ ነው እንጂ፣ ወይም... አይ፣ ተወው። አንተ ታውቃለህ።"

ከቅዳሴ በፊት ለመዘምራኑ በጆሮ ተናግሬያለሁ፤ በፍትሐቱ ሰዓት እጄን ካነሣሁ ያንን እንጀምራለን። ትንቢት ያን ዕለት አንድ ቀልድ አልወጣትም።

ቅዳሴው አለቀ። አባ ወጥተው ፍትሐቱን ጀመሩ። ሕዝቡ ዘንባባውን እንደያዘ ጎንበስ አለ። እኔ ግን እትዬ ሰብለን ነበር የማየው። አንድ ጊዜ ቀና ብላ ብታየኝ፣ ዐይኗን ብትሰጠኝ እጄን አነሣ ነበር። እሷ አንገቷን ደፍታ ዘንባባ ትሸርባለች። የጀመረችውን ቀለበት ጨረሰች፣ ሌላ ጀመረች። መዘምራኑ ሁሉ እጄን ያያሉ። እጄ ከጎኔ አልተነሣም። አባ ቀስ አድርገው ነው ያነበቡት፣ ከወትሮው ቀስ አድርገው፤ በየምዕራፉ ትንሽ ዝም ይሉ ነበር፣ ለኔ ብለው መሰለኝ። ከዚያ አለቀ። ሕዝቡ ቀና አለ።

ደጅ ባጃጁ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃል። ጋሼ ሕዝቅኤል ከሾፌሩ ጋር ሲነጋገሩ እሷ ክንዴን ይዛ ቆመች። ቀለበቴን ጣቴ ላይ አጠለቀችልኝ።

"አምሐ።"

"አቤት፣ እትዬ።"

"ፋሲካን የማየው ይመስልሃል?"

አፌ ያስለመድሁትን ነው የተናገረው። "ታይዋለሽ እንጂ። ከበሮው ሲመታ የምትመሪን አንቺው ነሽ።"

አየችኝ። ያላዘነ፣ ያልተቆጣ ዐይን ነው። ልምምድ ላይ አንዱ ሲስት "ደህና ነው፣ እንቀጥል" የምትልበት ዐይን።

"እሺ" አለች። "ጥሩ ነው እንግዲህ።"

ባጃጁ ዞሮ ወደ ዋናው መንገድ ሲገባ ነው የገባኝ። እሷ ሥርዓቱን ከኔ ይልቅ ታውቃለች። ፍትሐቱ ለማን እንደሆነም ታውቃለች። ያን ጥያቄ የጠየቀችኝ መልስ ፈልጋ አልነበረም፤ "አላውቅም" ብላት፣ ዝም ብላት እንኳ፣ "እንግዲያው አሁን ዘምሩልኝ" ትል ነበር ይሆናል። ሕዝቡ ገና አልተበተነም፣ አባ ገና ልብሰ ተክህኖአቸውን አላወለቁም። እኔ በሩን ዘጋሁት። በደግነት ዘጋሁት። እኛ አገር የሚዘጋው እንደዚያ ነው። ባጃጁን ሮጬ ብደርስበትስ ምን እላት ነበር? "የለም እትዬ፣ አታይውም"?

ሰኞ ከሥራ ስወጣ ሄድሁ፤ ተኝታ ነበር። ማክሰኞም ሄድሁ፤ ዐይኗ ግማሽ ክፍት ነው፣ የምታውቀኝ አይመስልም። ጋሼ ሕዝቅኤል አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ድንች ይልጣሉ። ለማን እንደሚልጡ አላውቅም። ሕማማት ስለሆነ ሰላምታ አልተለዋወጥንም። እሳቸው ላቲን ናቸው፣ ምክንያቱን ያውቁት እንደሆን እንጃ፤ ብቻ እኔ ሰላም ስላላልኋቸው እሳቸውም አላሉኝም።

ረቡዕ ጧት አረፈች።

የዱራሜ ዘመዶቿ፣ የባሏ ወገኖች ማለቴ ነው፣ በመንገዱ ምክንያት እንደማይደርሱ ስለታወቀ ቀብሩ ለዚያው ዕለት ሆነ። የሰፈሩ እድር ድንኳኑን ተከለ። አባ የዕለቱን ምንባብ አነበቡ፣ "አባታችን ሆይ" አልን፣ ሳጥኑ ወጣ። መዘምራኑ ሁሉ መጥተዋል። ያለ ልብሰ መዘምራን፣ ጥቁር ነጠላ ለብሰው፣ ከሕዝቡ ጋር ተደባልቀው ሄዱ። ኪሩቤል ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነበር።

መቃብሩ አፍ ላይ ጋሼ ሕዝቅኤል ወደኔ ቀረብ አሉ።

"መቼ ነው የምትዘምሩት?" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ሕማማት ነው።"

"አዎ። መቼ ነው የምትዘምሩት?"

"በሕማማት አይዘመርም። ሥርዓቱ..."

ፊቴን ተመለከቱ። "ስድስት ሳምንት እቤቴ መጥተህ ተምረሃል" አሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። "እኔ ጓዳ ሆኜ ሰምቻለሁ። እኛ አገር ሰው በዝምታ አይቀበርም።"

ወደ አባ አየሁ። አባ መጽሐፋቸውን ዘግተው መሬት መሬት ያያሉ። ትንቢት አፏን በነጠላዋ ይዛለች። ከእድሩ ሽማግሌዎች አንዱ፣ ደግ ሰው ናቸው፣ የጋሼ ሕዝቅኤልን ትከሻ ያዝ አድርገው፣ "አይዞዎት። በሆሣዕና ተፈትታ የለም እንዴ? ምን ቀረባት?" አሏቸው።



አፈሩ መውረድ ጀመረ። መጀመሪያ ሳጥኑ ላይ፣ ከዚያ አፈር በአፈር ላይ። ሌላ ምንም አይሰማም። ያን ድምፅ አላውቀውም ብያት ነበር።

ፋሲካ ሆነ። መዝሙር መረጥሁ። ኪሩቤል ከበሮውን ይዞ እንደ ልጅ ተደስቶ ገባ፤ ወዲያው እሷን አስታወሰና አንገቱን ደፋ፤ መታ ግን፣ ምን ያድርግ። ሃሌ ሉያ አልን፣ አጨበጨብን። ጋሼ ሕዝቅኤል መጨረሻው አግዳሚ ላይ ነበሩ። በሃምሳው ቀን ውስጥ የሐዘን ዜማ ስለማይነሣ ያን መዝሙር ልምምድ ላይ እንኳ አላነሣነውም። አንዴ ብቻ፣ ጓዛችንን ስንሰበስብ፣ ትንቢት ሳታስበው ስታንጎራጉረው ሰማሁ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ወረደች። ላርማት አፌን ከፈትሁና በልቤ ልወጣው ስሞክር ቦታው ጠፋኝ። የት ድረስ ነበር የምትወጣው? የመጀመሪያ ቀን የዘመረችውን ስፈልግ የመጨረሻው ሳምንት ይመጣብኛል፤ በሳል መሃል፣ ዝቅ ብላ የጀመረችው። ሳላርማት ጓዜን ሰበሰብሁ፤ ይመለስልኛል ብዬ።

አርባዋ ደረሰ። ጋሼ ሕዝቅኤል ዝውውር ጠይቀው ወደ አገራቸው ሊመለሱ ነው፤ ዕቃው በካርቶን ታስሯል። አባን ጠየቅኋቸው። "ቤት ውስጥ ከሆነ፣ ከበሮ ሳይነካ፣ ቀስ ብላችሁ" አሉ። "እኔም እመጣለሁ።"

ከቅዳሴ በኋላ ሄድን። አልጋዋ ተነሥቷል፤ መስኮቱ ሥር ባዶ ነው። እኛ እዚያ ቆምን፤ አባ ወንበር ላይ። ጋሼ ሕዝቅኤል በሩ ላይ ቆሙ፣ እንደ ቤተ ክርስቲያኑ።

"አሁን ዘምሩላት" አሉ።

ጀመርን። የመጀመሪያው ስንኝ ጥሩ ነበር። ሁለተኛውም። እጄን ማንሣት ነበረብኝ፤ አውቃለሁ፣ ሁሉም እያዩኝ ነው። ወዴት ድረስ እንደማነሣው ግን አላወቅሁም፤ በዚያች ቅጽበት ጆሮዬ ውስጥ ምንም አልነበረም። "ጨለማው ቢረዝም" ስንል ሁላችንም ወረድን። እኔም ወረድሁ። ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት።

ከበሩ በኩል አንድ ድምፅ ወጣ። ሻካራ ነው፣ ጊዜውን አልጠበቀም፣ ከኛ ወደ ኋላ ቀርቶ ነው የመጣው። ሽቅብ ሄደ፤ ተሰነጠቀ፤ እዚያው ላይ ሆኖ "መንገዱ ቢጠፋ" አለ። ጋሼ ሕዝቅኤል ዐይናቸውን ጨፍነዋል።

እኛ ታች ነን። እሳቸው ላይ ናቸው። ወደኛ መውረጃውን አላወቁትም፣ እኛም ወደ እሳቸው መውጫውን። ትንቢት ቀድማ ዝም አለች፣ ቀጥሎ ኪሩቤል፣ ቀጥሎ እኔ። እሳቸው ብቻቸውን መቅረታቸውን ሲሰሙ ቆሙ። ዐይናቸውን ገለጡ።



"እንደሱ አልነበረም?" አሉኝ ጋሼ ሕዝቅኤል።

"ነበር" አልሁ። "እንደሱ ነበር ይመስለኛል።"

"እንግዲያው ቀጥሉ።"

ሁሉም ወደ እጄ ዞሩ። አራተኛው ስንኝ ገና ነው። እጄን አነሣሁት፤ ከየት እንደምንጀምር ግን አላውቅም ነበር።